የእርሻን መካከለኛ ነጥብ ከተመዘገቡ ቁጥሮች አውጥቶ በካርታ ላይ ስለ ማሳየት

ለሐረርና ለአካባቢዋ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ገበሬ መሬቱን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ከየትኛው የቅንጭብ አጥር እስከ የትኛው የወሰን ድንጋይ፣ ከየትኛው የጫት መደዳ እስከ የትኛው የውሃ መውረጃ ድረስ የእርሱ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይናገራል። ማሳውን አይቶት የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የማኅበር ጸሐፊ ወይም ባሕር ማዶ ያለ የቡና ገዢ ግን መሬቱን የሚያውቀው በቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩም ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም የማሳው መካከለኛ ነጥብ የሚባለው ነው።

ነጥቡ በትክክል ከወጣ መሬቱን ይወክላል። በስሕተት ከወጣ ግን ገበሬው ሳያውቀው መሬቱ በጎረቤት ማሳ ላይ፣ በሌላ ክፍለ አገር ወይም በባሕር ላይ ይታያል። ኮምፒዩተሩም «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ አይናገርም። የሰጡትን ቁጥር ተቀብሎ ነጥቡን ያስቀምጣል እንጂ። ስለዚህ ነጥቡን መርምሮ ማረጋገጥ የሰው ሥራ ነው።

ይህ ትምህርት የማሳውን የማዕዘን ቁጥሮች ከፋይል ወደ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚያስገቡ፣ መካከለኛውን ነጥብ እንዴት እንደሚያወጡና ነጥቡ በእርግጥ በማሳው ውስጥ መዋሉን እንዴት እንደሚያረጋግጡ ያስረዳል።

ነጥቡ ለምን ያስፈልጋል?

1ኛ. ለቡና ሽያጭ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ቁጥር 2023/1115 የሆነው ደንብ፣ ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020) በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ለዚህም ቡናው የተመረተበት ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር መገለጽ አለበት። ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ብቻ ሊገለጽ ይችላል፤ ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ግን ዙሪያው በሙሉ መመዝገብ አለበት። ቁጥሩም ከነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ እንዲኖረው ታዝዟል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ቢሆንም ዝግጅቱ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ነው። በሐረር ዙሪያ ቡና የሚያለማ ገበሬ ማሳው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ስለ ሆነ፣ የዓመት ድካሙ ሁሉ በዚያች በአንዲት ነጥብ ይወከላል ማለት ነው።

2ኛ. ለምክርና ለአገልግሎት። የልማት ሠራተኛው የትኛው ማሳ በየትኛው ተፋሰስ ውስጥ እንዳለ፣ ተባይ የታየው የት እንደ ሆነ፣ ዘርና ማዳበሪያ ለየትኛው ጎጥ እንደሚደርስ በካርታ ላይ ለማየት የየማሳውን መካከለኛ ነጥብ ይጠቀማል።

3ኛ. ለመዝገብ። የመሬት መዝገብ ሲደራጅ የይዞታው መለያ ቁጥር በካርታው ላይ የሚጻፈው በዚሁ ነጥብ አጠገብ ነው።

ልብ ይበሉ፤ መካከለኛ ነጥብ ወሰን አይደለም። የማሳውን ስፋትም ሆነ የባለይዞታውን መብት አያረጋግጥም። ወሰንን የሚያረጋግጠው በሕግ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና ካርታው ነው።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

የአንድ ቦታ አድራሻ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። የመጀመሪያው ኬክሮስ ሲሆን፣ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይናገራል። የሐረር ከተማ በኬክሮስ 9.31፣ በኬንትሮስ 42.13 አካባቢ ትገኛለች።

በእኛ አገር ኬክሮሱ ሁልጊዜ ትንሹ፣ ኬንትሮሱ ትልቁ ቁጥር ነው። በሐረር ዙሪያ ኬክሮሱ በ9፣ ኬንትሮሱ በ42 መጀመር አለበት። ይህችን ብቻ በቃል የያዘ ሰው ብዙ ስሕተት ገና ከጅምሩ ይይዛል።

ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች እንዲሁ የተደረደሩ አይደሉም። ለእያንዳንዳቸው በመሬት ላይ ርቀት አላቸው፤

— ሁለተኛው አሃዝ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤
— ሦስተኛው 110 ሜትር ያህል ነው፤
— አራተኛው 11 ሜትር ያህል ነው፤
— አምስተኛው 1 ሜትር ያህል ነው፤
— ስድስተኛው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ስለዚህ «9.31 እና 42.18» ተብሎ የተጻፈ ማሳ አንድ ሙሉ ቀበሌን ያመለክታል እንጂ ማሳን አያመለክትም።

በማሳው ላይ ቁጥር አወሳሰድ

ቁጥር የሚወሰደው በጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ ወይም በዘመናዊ የእጅ ስልክ ነው። ጥሩ የእጅ ስልክ ሰማዩ ግልጽ በሆነበት ቦታ ወደ 5 ሜትር በሚደርስ ልዩነት ቦታውን ይናገራል። በትልቅ ዛፍ ሥር፣ በገደል ጥግ ወይም በግንብ አጠገብ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል።

ሥራውም እንደሚከተለው ነው፤

1. ባለመሬቱ፣ ባለቤቱና የወሰን ጎረቤቶቹ በተገኙበት በማሳው ዙሪያ በእግር ይሂዱ። ጎረቤት በሌለበት የተወሰደ ቁጥር በኋላ የክርክር ምክንያት ይሆናል።
2. ከአንድ ማዕዘን ጀምረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዙሩ። ወደ ኋላ ተመልሰው የረሱትን ማዕዘን በመጨረሻ አይጨምሩ፤ ከረሱ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።
3. በእያንዳንዱ ማዕዘን መሣሪያው እስኪረጋ ድረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆመው ይጠብቁ፤ ከዚያ ቁጥሩን ይመዝግቡ።
4. ለእያንዳንዱ ማዕዘን ተራ ቁጥር ይስጡ።
5. በማሳው ውስጥ መሐል ላይ ቆመው አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይውሰዱ፤ «መሐል» ብለውም ለብቻው በደብተር ይጻፉት። ይህ ቁጥር በኋላ የኮምፒዩተሩን ነጥብ ለመፈተን ይጠቅማል።

ፋይሉን ስለ ማዘጋጀት

የተወሰዱት ቁጥሮች በሰንጠረዥ ይጻፉና ሲ.ኤስ.ቪ. በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጣሉ። ይህ ፋይል ቀላል ጽሑፍ ነው፤ በየመሥመሩ አንድ ማዕዘን ይጻፋል፣ ዓምዶቹም በነጠላ ሰረዝ ይለያሉ። ለትምህርት የተዘጋጀ፣ የማንም ይዞታ ያልሆነ ምሳሌ እነሆ፤

ማሳ,ተራ,ኬክሮስ,ኬንትሮስ
01,1,9.290000,42.180000
01,2,9.290000,42.180546
01,3,9.290362,42.180546
01,4,9.290362,42.180000

ይህ ማሳ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ 60 ሜትር፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን 40 ሜትር ያህል ነው። ስፋቱም 2,400 ካሬ ሜትር፣ ማለት ሩብ ሄክታር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ፋይሉ ሲዘጋጅ የሚከተሉትን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤

ሀ) የአሃዝ መቆረጥ። ኤክሴል ወደ ሲ.ኤስ.ቪ. ሲገለብጥ በመስኮቱ ላይ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ይጽፋል። ዓምዱ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ተደርጎ ከሆነ 9.290362 የነበረው 9.29 ሆኖ ይቀራል፤ አራቱ ማዕዘኖችም በአንድ ቦታ ላይ ይከመራሉ። ስለዚህ ከማስቀመጥዎ በፊት ዓምዱ 6 አሃዝ እንዲያሳይ ያድርጉ።

ለ) ዲግሪና ደቂቃ። አንዳንድ መሣሪያ ሐረርን «9 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ» ብሎ ያሳያል። ይህ 9.18 አይደለም። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለ ሆነ፣ 18 ለ60 ሲካፈል 0.30 ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው 9.30 ነው። 9.18 ብሎ የጻፈ ሰው ማሳውን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወስዶታል።

ሐ) ባዶ ቦታ። ያልተሞላ ቁጥር ካለ ዜሮ አይጻፍበት፤ መሥመሩ በሙሉ ይውጣ፤ ወይም ወደ ማሳው ተመልሰው ቁጥሩን ይውሰዱ። ዜሮና ዜሮ ማለት በምዕራብ አፍሪካ አጠገብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለ ቦታ ነው።

መ) የአማርኛ ጽሑፍ። ስም ወይም ቀበሌ በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ፋይሉ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ ይቀመጥ። አለዚያ ፊደላቱ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ይሆናሉ።

ወደ ኮምፒዩተር ስለ ማስገባት

ለዚህ ሥራ ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። አሠራሩ ይህ ነው፤

1. «ሌየር» ከሚለው ዝርዝር «አድ ሌየር»፣ ቀጥሎም «አድ ዴሊሚትድ ቴክስት ሌየር» የሚለውን ይምረጡ።
2. ፋይሉን ይጥቀሱ። ከታች ዓምዶቹ ተለያይተው መታየታቸውን ይመልከቱ።
3. ኤክስ በሚለው ቦታ ኬንትሮስን፣ ዋይ በሚለው ቦታ ኬክሮስን ይምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኛ በቃል ስንናገር ኬክሮስን እናስቀድማለንና።
4. የቁጥሩን ሥርዓት ይምረጡ። በዲግሪ ለተወሰደ የጂ.ፒ.ኤስ. ቁጥር ደብሊው ጂ ኤስ 84፣ መለያ ቁጥሩ ኢ.ፒ.ኤስ.ጂ. 4326 የሆነው ነው።
5. ነጥቦቹ ከገቡ በኋላ «ፖይንትስ ቱ ፓዝ» በሚለው መሣሪያ በተራ ቁጥራቸው ያገናኟቸው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እንዲዘጋም ያድርጉ። ከዚያ «ላይንስ ቱ ፖሊጎንስ» በሚለው መሥመሩን ወደ ማሳ ቅርጽ ይለውጡ።

ቅርጹ በመሐሉ ተሻግሮ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ከሆነ ማዕዘኖቹ በተራቸው አልተቀመጡም ማለት ነው። ተራ ቁጥሩን ሳያስተካክሉ ወደሚቀጥለው ሥራ አይለፉ።

መካከለኛው ነጥብ የትኛው ነው?

ሰዎች «መካከለኛ ነጥብ» ሲሉ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ማወቅ የዚህ ትምህርት ዋናው ክፍል ነው።

አንደኛው፣ የማዕዘኖች አማካይ። የሁሉንም ማዕዘን ኬክሮስ ደምሮ በማዕዘኖቹ ብዛት ማካፈል፣ ለኬንትሮሱም እንደዚሁ ማድረግ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ውጤቱ 9.290181 እና 42.180273 ይሆናል። ማሳው አራት ማዕዘን ስለ ሆነ ነጥቡ በትክክል መሐል ላይ ይውላል።

ነገር ግን ይህ አሠራር ጉድለት አለው። ያንኑ ማሳ እንውሰድና በሜትር እናስበው፤ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40 ሜትር ነው። መካከሉ ከምዕራቡ ወሰን 30 ሜትር ላይ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ወሰን ጅረት ስለ ሆነ ሠራተኛው በዚያ በኩል ሦስት ተጨማሪ ቁጥር ወሰደ እንበል። ማዕዘኖቹ ሰባት ይሆናሉ፤ አማካዩም ከምዕራቡ ወሰን 17 ሜትር ላይ ያርፋል። መሬቱ አንዲት ክንድ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መካከሉ 13 ሜትር ሸሸ። አማካዩ የሚቆጥረው የቆምንበትን ቦታ ብዛት እንጂ የመሬቱን ስፋት አይደለምና።

ሁለተኛው፣ የስፋት መካከል። ይህ ማሳው ከወፍራም ካርቶን ተቆርጦ ቢሆን በአንድ ጣት ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ነጥብ ነው። በኪው ጂ አይ ኤስ «ሴንትሮይድስ» የሚባለው መሣሪያ ያወጣዋል። በአንድ በኩል ብዙ ቁጥር መወሰዱ ይህን ነጥብ አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ ለአብዛኛው ማሳ ከአማካዩ የተሻለ ነው።

ሆኖም እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ በማሳው ውስጥ አይውልም። በሐረር ዙሪያ ብዙው ማሳ በተራራ ወገብ ላይ በእርከን የተሠራ፣ የጠመዘዘ ወይም በክርን ቅርጽ የታጠፈ ነው። የታጠፈውን ማሳ በቁጥር እንመልከት። አንደኛው ክንድ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ 80 ሜትር ርዝመትና 20 ሜትር ወርድ አለው፤ ስፋቱ 1,600 ካሬ ሜትር ነው። ሁለተኛው ክንድ ከዚያ ከምዕራቡ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 60 ሜትር ይሄዳል፤ ወርዱ 20፣ ስፋቱም 1,200 ካሬ ሜትር ነው። ጠቅላላው 2,800 ካሬ ሜትር ነው።

የመጀመሪያው ክንድ መካከል ከደቡብ ምዕራቡ ማዕዘን 40 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 10 ሜትር ወደ ሰሜን ነው። የሁለተኛው 10 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 50 ሜትር ወደ ሰሜን ነው። እያንዳንዱን በስፋቱ አባዝተን፣ ደምረን፣ በጠቅላላው ስፋት ስናካፍል፤

ወደ ምሥራቅ፦ (1,600 × 40 + 1,200 × 10) ÷ 2,800 = 27 ሜትር ያህል፤
ወደ ሰሜን፦ (1,600 × 10 + 1,200 × 50) ÷ 2,800 = 27 ሜትር ያህል።

ሁለቱም ክንዶች ወርዳቸው 20 ሜትር ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። 27 ሜትር ወደ ምሥራቅና 27 ሜትር ወደ ሰሜን ያለው ነጥብ ከሁለቱም ክንዶች ውጭ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ባለው በጎረቤት መሬት ላይ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ቁጥሮቹም ትክክል ናቸው፤ ነጥቡ ግን የሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው። በዚያ ላይ ጎረቤቱ ቡና ሳይሆን ማሽላ የሚዘራ ቢሆን፣ ወይም ቦታው በቅርቡ ዛፍ የተቆረጠበት ቢሆን፣ የቡናው ባለቤት ባላደረገው ነገር ይጠየቃል።

ሦስተኛው፣ በማሳው ውስጥ የሚውል ነጥብ። በኪው ጂ አይ ኤስ «ፖይንት ኦን ሰርፌስ» የሚባለው መሣሪያ ቅርጹ ምንም ቢሆን ነጥቡን በማሳው ውስጥ ያስቀምጣል። ነጥቡ በትክክል መሐል ላይሆን ይችላል፤ ከመሬቱ ግን አይወጣም። በእጅ ለሚሠራ ደግሞ ማሳውን ከፋፍሎ የትልቁን ክፍል መካከል መውሰድ ነው፤ በምሳሌያችን 40 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 10 ሜትር ወደ ሰሜን ያለው ነጥብ ማለት ነው።

ደንቡም ይህ ነው፦ ማሳን የሚወክል ነጥብ በመጀመሪያ በማሳው ውስጥ ይዋል፤ መሐል መሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። እርከኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ የመሣሪያው የ5 ሜትር ልዩነት ነጥቡን ሊያወጣው ስለሚችል፣ ማሳው በሚሰፋበት ቦታ ላይ ያለውን ነጥብ ይምረጡ።

ነጥቡ ሌላ ቦታ ሲታይ ምክንያቱን ስለ ማወቅ

ነጥቡ ከወጣ በኋላ ከበስተጀርባው የሳተላይት ምስል ወይም የታወቀ ካርታ አድርገው ይመልከቱ። የሐረር ማሳ ከቦታው ወጥቶ ከታየ፣ የታየበት ቦታ ራሱ የስሕተቱን ዓይነት ይነግራል።

በሜዲትራኒያን ባሕር ደሴት ላይ ከታየ፦ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተለዋውጠዋል። 42.13 ወደ ሰሜን፣ 9.31 ወደ ምሥራቅ ብንሄድ የምንደርሰው የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው በኮርሲካ ደሴት ላይ ነው። ኤክስና ዋይ የተባሉትን ዓምዶች ቢለዋውጡ ይስተካከላል።

በጋምቤላ ጠረፍ አካባቢ ከታየ፦ ከአራቱ ማዕዘን ጋር አንድ የዜሮ መሥመር ተደምሮ አማካይ ተወስዷል። አራት ትክክለኛ ቁጥርና አንድ ዜሮ ለአምስት ሲካፈሉ 7.45 እና 33.70 አካባቢ ይሆናሉ።

በወለጋ ከታየ፦ የዞን ስሕተት ነው። ይህ ለሐረር አካባቢ ሠራተኞች የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። አንዳንድ መሣሪያ ቦታውን በዲግሪ ሳይሆን ዩ.ቲ.ኤም. በሚባለው ሥርዓት በሜትር ይሰጣል። በዚህ ሥርዓት ምድር በየ6 ዲግሪው በዞን ተከፍላለች። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ፣ ዞን 38 ከ42 እስከ 48 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በዞን 37 ውስጥ ናቸው። ሐረር ግን 42ን አልፋ በዞን 38 ውስጥ ትገኛለች፤ የዞኖቹ ድንበር በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያልፋልና። ከመሐል አገር የመጣ ሠራተኛ በለመደው በዞን 37 ቢያስገባው ማሳው 6 ዲግሪ፣ ማለት ወደ 660 ኪሎ ሜትር ምዕራብ ሄዶ ከነቀምቴ ወዲያ ይታያል። ማወቂያው ቀላል ነው። በሐረር አካባቢ ወደ ምሥራቅ ያለው ቁጥር 180 ሺህ አካባቢ ከሆነ የተወሰደው በዞን 38 ነው፤ መለያው ኢ.ፒ.ኤስ.ጂ. 32638 ነው። 840 ሺህ አካባቢ ከሆነ ደግሞ በዞን 37 ተወስዷል፤ መለያው 32637 ነው።

ከማሳው 200 ሜትር ያህል ርቆ ከታየ፦ ቁጥሩ የተወሰደበትና የገባበት መነሻ ሥርዓት ይለያያል። የቀድሞ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ሲሆን፣ የጂ.ፒ.ኤስ. መነሻ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ከሁሉም የሚያታልለው ይህ ስሕተት ነው፤ ነጥቡ በዚያው ቀበሌ ውስጥ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርምና።

ለልማት ሠራተኞች የሚሆን መልመጃ

ወደ ገበሬው ማሳ ከመሄድዎ በፊት አሠራሩን በጀጎል ላይ ቢለማመዱ መልካም ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር የታጠረችውና በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበችው ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ስፋት አላት፤ በግማሽ ቀን ተዞራ ታልቃለች።

በመጀመሪያ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ማለት በፈላና፣ በኤረር፣ በሰንጋ፣ በቡዳና በሸዋ በሮች ከግንቡ ወጣ ብለው ቁጥር ይውሰዱና አማካያቸውን ያውጡ። ቀጥሎ ግንቡን በውጭ በኩል እየዞሩ በየመታጠፊያው ቁጥር ወስደው የስፋቱን መካከል በ«ሴንትሮይድስ» ያውጡ። ሁለቱ ነጥቦች በምን ያህል ሜትር እንደሚለያዩ ይለኩ። በመጨረሻም ስልክዎን ይዘው በጠባቦቹ መንገዶች እየሄዱ ሁለቱን ነጥቦች ይፈልጉ፤ ከጊዲር መጋላም ምን ያህል እንደሚርቁ ይመልከቱ። በግንብና በግንብ መካከል ሲሆኑ የስልኩ ቁጥር እንዴት እንደሚዋዥቅም በዚያው ያዩታል።

ገበሬው ማድረግ የሚገባው

ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ሥራ ስለ ሆነ ገበሬውን አይመለከተውም ማለት አይደለም። መሬቱም ቡናውም የእርሱ ነውና፤

1. ቁጥር ሲወሰድ ራስዎ ወይም ባለቤትዎ በቦታው ይገኙ። ሁሉም ማዕዘን መረገጡን ይቁጠሩ።
2. ሠራተኛው ሥራውን ሲጨርስ ነጥቡን በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ በሳተላይት ምስል ላይ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የቤትዎን ጣሪያ፣ መንገዱንና የውሃ መውረጃውን ካወቁ ማሳዎንም በምስሉ ላይ ማወቅ አያስቸግርም።
3. ነጥቡ በጎረቤት መሬት ላይ ከዋለ ያለ ሐፍረት ይናገሩ። ማሳውን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።
4. ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ ከይዞታ ደብተርዎ ጋር ያስቀምጡት። ቡና የሚቀበል ማኅበር ወይም ነጋዴ የተለየ ቁጥር ቢያሳይዎት ያንን አውጥተው ያስተያዩ።
5. ሁለት ወይም ሦስት ቦታ የተለያየ ማሳ ካለዎት ለእያንዳንዱ ለየብቻው ነጥብ ይውጣ። የሁለት ማሳ አማካይ ከሁለቱም ውጭ፣ በመካከላቸው ባለ የሰው መሬት ላይ ይውላል።

ማጠቃለያ

ፋይሉን ከማስረከብዎ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይመልሱ።

— ኬክሮሱ በ9፣ ኬንትሮሱ በ42 ይጀምራልን?
— ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ አለውን?
— የማሳው ቅርጽ ሳይሻገር ተዘግቷልን?
— ነጥቡ በማሳው ቅርጽ ውስጥ ውሏልን?
— በማሳው መሐል ቆመው በደብተር ከጻፉት ቁጥር ጋር ይቀራረባልን?

ለአምስቱም «አዎን» ማለት ከቻሉ ነጥቡ ገበሬውን ይወክላል። ለአንዱ እንኳ «አይደለም» ከሆነ ፋይሉ አይላክ። በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ማሳው ድረስ ተመልሶ ማረም፣ ቡናው ወደብ ከደረሰ በኋላ ከማረም ይቀላልና።